ሮጦ የጨረሰ ሰው ዕዳ

«ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ የተተረተው ለመሳለቅ ነው፤ ከማንም ጋር ሳይወዳደር «አንደኛ ነኝ» ለሚል ጉረኛ ልክ ተለክቶ የተሰፋ ነው። እኔ ግን ሰሞኑን ገልብጬ ሳየው ሌላ ነገር ታየኝ። ብቻውን የሮጠ የሚጠብቀውም የለም። ቢዘገይ የሚጉላላበት፣ ቢቀር የሚጨነቅለት ሰው የለም። ደከመኝ ብሎ መንገድ ዳር ቢቀመጥ የሚጠይቀው ራሱን ነው። እንግዲህ ብቻውን የሮጠ ሰው ዕዳ የለበትም ማለት ነው። ጣጣው የሚጀምረው ሩጫው ውስጥ ሌላ ሰው የገባ ዕለት ነው።

እኛ ደግሞ ሩጫ የምናውቀው በግለሰብ ስም ነው። አበበ፣ ማሞ፣ ምሩጽ፣ ደራርቱ፣ ኃይሌ፣ ቀነኒሳ፣ ጥሩነሽ እንላለን። ሰው ከዱላ ቅብብል ጋር ብዙ አንተዋወቅም። እ.ኤ.አ. በ2019 ዴንማርክ፣ ኦርሁስ ላይ በተካሄደው የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ሁለት ሴቶችና ሁለት ወንዶች ያሉበት የኢትዮጵያ ቡድን በድብልቅ ዱላ ቅብብል ወርቅ ማግኘቱን ስንቶቻችን እናስታውሳለን? የአራቱን ስምስ ማን ይቁጠርልን? ቃሉም ሳይበድለን አልቀረም። ዱላ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን የሚያቀብሉት ሳይሆን የሚያሳርፉት ነው።

ዛሬ ላነሳው የፈለግሁት ግን የሻምፒዮኖችን ቅብብል አይደለም። እንደ እኔና እንደ እናንተ ያሉ ሰዎች፣ ጓደኛሞች፣ ሌሊቱን ሁሉ እየተቀባበሉ ስለሚሮጡት ሩጫ ነው። አሜሪካን አገር፣ ኦሪገን በሚባለው ግዛት «ሁድ ቱ ኮስት» የሚሉት ውድድር አለ። እ.ኤ.አ. በ1982 በ8 ቡድኖች ተጀምሮ፣ እያደገ ሄዶ 1,000 ገደማ ቡድኖች የሚሰለፉበት ሆነ። ከሁድ ተራራ ወገብ ላይ ይነሣና ሲሳይድ በምትባል የፓስፊክ ውቅያኖስ ዳርቻ ከተማ ያበቃል። ርቀቱ 320 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ደብረ ማርቆስን ትንሽ እንደ ማለፍ በሉት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ቡድን 12 ሰው አለው። መንገዱ በ36 ይከፈላል፤ ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ሦስት ዙር ይደርሰዋል። ቡድኑ በሁለት ቫን ይሳፈራል፤ ስድስቱ እዚህ፣ ስድስቱ እዚያ። የመጀመሪያው ቫን ሰዎች ተራ በተራ ሮጠው ሲጨርሱ ለሁለተኛው ያስረክባሉ። ሁለተኛዎቹ ሲሮጡ የመጀመሪያዎቹ አፋቸው ላይ ትንሽ ነገር ጣል አድርገው፣ ጋደም ብለው፣ ወደሚቀጥለው መረካከቢያ ያመራሉ። እንዲህ እያሉ ይመሻል፣ ይነጋል። ፈጣኖቹ ቀድመው ይገባሉ፤ የጓደኛሞቹ ቡድን ግን አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ያልፈዋል። ሲመሽ የሚሮጠው ሰው የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ይለብሳል፣ ባትሪ ያበራል። መንገዱ ለመኪና ዝግ ስላልሆነ ነገሩ ቀልድ አይደለም።

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ እዚያው ኦሪገን፣ ፖርትላንድ ከተማ ይኖራል። ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር የልብ ወለድ ኮርስ ይወስድ የነበረ ልጅ ነው። ገጸ ባሕርያትን መክሰስ ይወድ ነበር፤ «ጥፋተኛው ማን ነው?» ሳይል አንድም መጽሐፍ አይዘጋም። ከሥራ ባልደረቦቹና ከሰፈር ጓደኞቹ ጋር 12 ሆነው ይህን ሩጫ ሮጠው ኖሮ፣ ስልክ ደውሎ ሲያጫውተኝ እንደ ልማዱ አንድ ክስ ይዞ መጣ።

እሱ የመጀመሪያው ቫን አምስተኛ ሯጭ ነው። ሁለተኛ ዙሩ የደረሰው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነበር። ጨለማ ነው፣ ጥድ ነው፣ ብርድ ነው። የሚያጨበጭብ የለም። «ጋሼ፣ ከራሴ ትንፋሽ በቀር የምሰማው ድምፅ አልነበረም» አለኝ። «ባትሪዬ ሦስት እርምጃ ያሳየኛል፤ አራተኛውን በእምነት ነው የምረግጠው። ሩጫውን ትቼ ዝም ብዬ ብራመድ ማን ያየኛል? ማንም። ግን አንድ ሰው ጫማውን አስሮ፣ በብርድ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው እያልኩ ሮጥኩ።»

መረካከቢያው ደረሰ። ሌሎቹ ቡድኖች ቁጥር እየተጠራሩ ይቀባበላሉ። የእሱን ቁጥር የሚጠብቅ ሰው የለም። ተጣራ፤ መልስ የለም። «ዱላውን» እንደያዘ ከቆሙት መኪኖች መሀል ቫናቸውን ፍለጋ ገባ። (ዱላ ይባል እንጂ እጅ አንጓ ላይ የሚጠመጠም አምባር ነገር ነው።) አገኘው። መስተዋቱ በትንፋሽ ደፍርሷል። ውስጥ አምስቱም ተኝተዋል። ተረኛው ጫማውን እንዳሰረ፣ ሰደርያውን እንደለበሰ፣ አንገቱ ወደ ጎን ወድቆ ያንኮራፋል። 12 ደቂቃ እንደ ቀልድ ሄደች።

«እና ጋሼ፣ ጥፋተኛው ማን ነው?»

«አንተ ማን ትላለህ?» አልኩት፣ በአስተማሪ ወግ።

«ሁሉም ተረኛውን ነው የወቀሱት። እሱም አልተከራከረም፤ ይቅርታ ብሎ ሮጠ። እኔን ያናደደኝ ግን እሱ አይደለም። ገና መንገድ ያለበት፣ ድካም የጣለው ሰው ነው። ያናደዱኝ አራቱ ናቸው። ሮጠው የጨረሱት።»

ጥያቄው ከስልኩ በኋላም አልለቀቀኝም። ተራው ያልሆነ ሰው ጥፋት ሊኖርበት ይችላል?

አራቱ መልስ ነበራቸው፤ ደግሞም የሚናቅ መልስ አይደለም። «የተመደበልንን ሮጠናል። ተራችን አይደለም።» እስቲ በቅንነት እንየው። ተራ ትልቅ ነገር ነው። ወፍጮ ቤት፣ ቦኖ ውኃ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ጉልበተኛውን ከደካማው እኩል የሚያቆመው ተራ ነው። ተራ ደግሞ መጀመሪያ እንዳለው ሁሉ መጨረሻ ሊኖረው ይገባል። ድርሻዬን ጨርሼ «አሁን ነፃ ነኝ» ማለት ካልቻልኩ የተመደበልኝ ድርሻ ሳይሆን ባርነት ነው። ማብቂያ የሌለው ግዴታ የሚጭን ቡድን ደጎቹን እየጋለበ፣ ብልጣብልጦቹን እያስተኛ ነው የሚኖረው። የመሥሪያ ቤት ሰው ይህን ያውቀዋል። ሥራውን ቶሎ ለጨረሰ ሰው ሽልማቱ የሌላው ሰው ሥራ ነው።

ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ፣ አራቱን ነፃ ለማውጣት እጄ አልታዘዝ አለኝ። ለምን እንደሆነ ያስረዳኝ ዕቁብ ነው።

12 ሰዎች በወር 1,000 ብር ዕቁብ ገቡ እንበል። የመጀመሪያው ዕጣ የወጣለት ሰው 12,000 ብር ቆጥሮ ይወስዳል። ከዚያ በኋላ 11 ወር ይከፍላል። በእነዚያ 11 ወራት ከዕቁቡ የሚያገኘው አንዳች ነገር የለም፤ ያገኘውን አግኝቷል። የመጨረሻው ዕጣ የሚወጣለት ደግሞ 11 ወር ሙሉ ለሌሎች ሲከፍል ከርሞ የራሱን ገንዘብ መልሶ ይቀበላል። ዕቁብ የሚቆመው ታዲያ በማን ላይ ነው? ዕጣ በሚጠባበቀው ላይ አይደለም፤ እሱማ የሚከፍለው ለራሱ ብሎ ነው። ዕቁብ የሚቆመው ወይም የሚፈርሰው ዕጣው በወጣለት ሰው ነው። አያቶቻችን ይህን ስለሚያውቁ ነው ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ጠርቶ ገንዘቡን የሚወስደው። ዕጣ ሳይወጣለት በፊት ማንም ዋስ አይጠይቀውም። የሰው ጠባይ የሚፈተነው ድርሻውን ከወሰደ በኋላ መሆኑን ዕቁብ አጥርቶ ያውቃል።

«ዕቁብ ውል ነው፤ መንቃት ግን ውል ውስጥ አልነበረም» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፣ አልተጻፈም። ግን ወደ ሩጫው መነሻ እንመለስ። የመጀመሪያው ሯጭ ከተራራው ሲነሣ ጓደኞቹ መንገድ ዳር ቆመው አጨብጭበውለታል፣ ፎቶ አንሥተውታል፣ ውኃ ይዘው ጠብቀውታል። ሁለተኛውም ሦስተኛውም እንደዚሁ። ቀን ነበር፣ ጉልበት ነበር፣ ሁሉም ነቅቶ ነበር። አራቱ ሰዎች የተቀበሉት ነገር አለ ማለት ነው፦ የሌሎችን መንቃት። ዱላውን ከመስጠታቸው በፊት የሚቀበላቸው ሰው ቆሞ አግኝተዋል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ቫን ውስጥ የተኙት እንግዲህ ዕጣቸውን በቀን ወስደው ነው። የሚቀረው ክፍያ የሚውለው ሌሊት ላይ መሆኑ የእነሱ ጥፋት አይደለም። ዕዳነቱ ግን በመምሸቱ አይሰረዝም።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ አለ። እንቅልፍ ስንፍና አይደለም። ሰው ሥጋ ለባሽ ነው። ያን ቫን የሚነዳው ከእነዚያው ድካም ከጣላቸው ሰዎች አንዱ ነው፤ እንቅልፍ ያጣ ሹፌር በጨለማ መንገድ ላይ ከዘገየ ሯጭ እጅግ ይብሳል። ሁሉም ይንቃ ማለት ሁሉም ይድከም ማለት ነው፤ ጠዋት ለሦስተኛው ዙር የሚሮጥ ሰው አይገኝም። ስለዚህ መተኛትም ለጓደኛ ሲባል የሚደረግ ግዴታ ሊሆን ይችላል።

እቀበላለሁ። ግን አምስት ሰው መንቃት አያስፈልግም ነበር። አንድ ይበቃል። አንድ ዓይን፣ አንድ ሰዓት። የአራቱ ጥፋት መተኛታቸው ሳይሆን «ማን ይንቃ?» ብለው ሳይነጋገሩ መተኛታቸው ነው። እያንዳንዱ ሌላው እንደነቃ ገምቶ ዓይኑን ከደነ። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ማንም አልዋሸም፤ ልጁ ግን ጨለማ ውስጥ ብቻውን ቀረ። ብዙ ጊዜ ሰው የሚበደለው እንዲህ ነው። በዳይ ሲፈለግ አይገኝም።

ጓደኛሞቹ ከዚያች ሌሊት በኋላ ያወጡት ደንብ ደስ ብሎኛል። ሮጦ የገባው ሰው ቀጥሎ የሚሮጠው ገብቶ እስኪያስረክብ ድረስ አይተኛም፤ ከዚያ መንቃቱን ለገባው አስረክቦ ይተኛል። ዱላው አንድ ነበር፤ ሁለት ሆነ። አንዱ ሩጫውን ያቀባብላል፣ ሌላው መንቃቱን። ልብ በሉ፣ ግዴታው አሁን ማብቂያ አለው። የአራቱ ሰዎች ክርክር ተከብሯል፤ ልጁም ብቻውን አልቀረም።

የማስተምረው ሥነ ጽሑፍ ነበርና ወደ አንድ መጽሐፍ ልውሰዳችሁ። ፊንላንዶች በሰኔ ወር፣ ቅዳሜ ማታ ተጀምሮ እሁድ የሚያልቅ፣ በጫካ ውስጥ በካርታና በኮምፓስ የሚሮጥ የዱላ ቅብብል አላቸው። «ዩኮላ» ይባላል፤ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው። ሯጮቹ ሰባት ናቸው። ሰባት የሆኑት ያለ ነገር አይደለም፤ አሌክሲስ ኪቪ እ.ኤ.አ. በ1870 ባሳተመው «ሰባቱ ወንድማማቾች» በተባለው ልብ ወለድ የተነሣ ነው። ዩኮላ የወንድማማቾቹ ቤት ስም ነው። እነዚያ ወንድማማቾች ጠበኞች ናቸው፣ ፊደል አልገባ ብሏቸው ከአስተማሪ የሚሸሹ ናቸው። ጫካ ገብተው ለብቻቸው ሲኖሩ፣ በገና ዋዜማ ሌሊት ጎጇቸው ይቃጠላል። ሸሚዝ ብቻ ለብሰው በበረዶ ውስጥ ወደ ቀድሞ ቤታቸው ይሮጣሉ፤ ተኩላ ከኋላቸው ይከተላል።

በመጽሐፉ ሩጫና በስሙ በተሰየመው ውድድር መካከል ያለው ልዩነት ያስገርመኛል። ቤት ሲቃጠል ተራ የለም፤ ሰባቱም በአንድ ላይ ይሮጣሉ፣ «ድርሻዬን ጨርሻለሁ» የሚል አይገኝም። ውድድሩ ላይ ግን አንዱ ሲሮጥ ስድስቱ ይቀመጣሉ። እኛ ሐበሾች በእሳቱ ጊዜ የሚወዳደረን ያለ አይመስለኝም። ሰው ሞተ ሲባል ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል፣ እስከ ሣልስት ቤቱ ሰው አያጣም። ችግራችን ያለው እሳት በሌለበት ሌሊት ነው። ቀስ ብሎ በሚሄደው፣ ጩኸት በሌለው፣ ተራ በሚያስፈልገው።

የማውቀው አንድ ቤት አለ፤ እናንተም ብዙ ታውቃላችሁ። እናት አልጋ ላይ ከዋሉ ሁለተኛ ዓመታቸው ነው። ያን ሰሞን ቤቱ በብርቱካንና በጁስ ተጥለቅልቆ ነበር። ልጆቹ አራት ናቸው። የበኩሩ ልጅ አሜሪካ ነው፤ የሆስፒታሉን ወጪ የቻለው እሱ ነው፣ አሁንም ወር ጠብቆ ይልካል። ሁለተኛዋ መድኃኒት ትገዛለች፣ ሐኪም ታመላልሳለች። ሦስተኛው እሁድ እሁድ ከልጆቹ ጋር መጥቶ ቀኑን ይውላል። ታናሺቱ አብራቸው ትኖራለች። ሌሊቱ የእሷ ነው። ማገላበጡ፣ ማጠቡ፣ «ማነሽ አንቺ?» ሲባሉ ስም መናገሩ።

ሦስቱ «ድርሻችንን ተወጥተናል» ቢሉ አይዋሹም። ገንዘቡ ባይላክ፣ መድኃኒቱ ባይገዛ ቤቱ አይቆምም ነበር። ስለዚህ ሊወቅሳቸው የተነሣ ሰው በየትኛው በኩል እንደሚገባ ይቸግረዋል። ልክ እንደ ቫኑ፣ በዳይ ሲፈለግ አይገኝም። ያለው አንድ ሰው ነው፤ ሮጦ፣ ሮጦ፣ መረካከቢያው ቦታ ደርሶ ማንንም ያላገኘ።

«ታዲያ እስከ መቼ ነው የሚጠበቀው? የራስስ ሕይወት?» ትሉኝ ይሆናል። ለዚህ ጥያቄ ካየሁት መልስ ሁሉ የሚሻለኝ እ.ኤ.አ. በ2004 አቴንስ ላይ የታየው ነው። በ10,000 ሜትር ፍጻሜ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሕመም ያለበትን እግሩን ይዞ ነበር የገባው፤ ወደ ኋላ ሲቀር ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስህን ዞር እያሉ አዩት፤ ፍጥነታቸውንም ቀነስ አደረጉለት። የዱላ ቅብብል አልነበረም። የእያንዳንዳቸው ሩጫ የእያንዳንዳቸው ነው፤ ውል አልነበረም፣ ግዴታ አልነበረም። እንደማይደርስባቸው ሲያውቁ ሄዱ፤ ቀነኒሳ ወርቅ፣ ስለሺ ብር አገኙ፤ ኃይሌ አምስተኛ ሆነ። ጠበቁት፤ መጠበቁ የማይጠቅመው ሲሆን ደግሞ ሮጡ። ሰው ለሰው ብሎ ራሱን ይጣል የሚል ነገር እዚያ ውስጥ አላየሁም። ያየሁት አንገት ማዞርን ነው። ወደ ኋላ ማየት ጊዜ ይፈጃል፣ ግን ሜዳልያ አላስቀረባቸውም።

ለተማሪዬ የሰጠሁት መልስም ከዚህ የራቀ አይደለም። «ተረኛው ተኝቷል፤ ጥፋቱ ግልጽ ነው፣ ይቅርታም ጠይቆበታል። አራቱ ግን ሮጠው ሲጨርሱ ሩጫው ያለቀ መሰላቸው። አላለቀም። የራሳቸው መንገድ ነው ያለቀው» አልኩት። ዝም አለ። ክሱን እንደረታ ሰው ግን አልሆነም። «እኔም እኮ ጋሼ፣ ዱላውን ካስረከብኩ በኋላ እንደ እነሱ ተኛሁ» አለኝ። ደንቡን ያወጡት ሲነጋ ነዋ።

ወደዚያ ቤት ልመለስና ላብቃ። ለታናሺቱ ማን ይንቃላት? ሁለተኛዋ ጠዋት ሥራ አለባት፤ ሦስተኛው ሕፃናት አሉት። እዚህ ያሉት ሌሊት መተኛታቸው ምክንያት አለው። ታላቁ ወንድም ግን ዋሽንግተን ነው ያለው። እሷ ከሌሊቱ 9 ሰዓት እናቷን ስታገላብጥ፣ እዚያ ገና ከምሽቱ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ነው። እንቅልፉን ሳይነካ መንቃት የሚችል ሰው በዚያ ቤት ውስጥ አንድ እሱ ብቻ ነው። ያን ሰዓት ከሥራ ገብቶ እራቱን በልቶ ተቀምጧል። የወሩን ገንዘብ ልኳል። ስልኩ አጠገቡ ነው።